የልጄ አንገት፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሆሎዌይ

ከለንደን ከተመለስኩ ወዲህ ቤቴ ሰው አላጣም። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ «እስቲ ንገሪን ዘኑዬ፤ ቤተ መንግሥቱን አየሽ? ትልቁን ሰዓት አየሽ? ወንዙስ?» ይለኛል። ሰዓቱን ከአውቶብስ ውስጥ አንድ ጊዜ አሻግረው አሳይተውኛል፤ ሰዓት ነው። ሌላውን አላየሁም። እኔ ለንደን ሄጄ ያየሁት የልጄን አንገት ነው። ስለሱ ላወራ ስጀምር ደግሞ ንዴቴ ይቀድመኝና ነገሩ ይዘበራረቅብኛል። ስለዚህ ከመነሻው እስከ መድረሻው በየቀኑ አስተካክዬ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም፤ የጎደለውን አንባቢ ይሙላልኝ።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። መቅደስ የመጨረሻ ልጄ ናት። ለንደን ከገባች ዓመታት አልፈዋል። ሥራዋ አቅም ያጡ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን በየቤታቸው እየዞረች ማንሳት፣ ማጠብና ማልበስ ነው። እዚያ ያሉት ሐበሾች «ኬር ትሠራለች» ይላሉ። እሑድ እሑድ በቪዲዮ እየደወለች እንተያያለን። አንድ እሑድ ስናወራ ከኋላዋ በር ተንኳኳ። ማን እንደሆነ ለማየት ስትዞር አንገቷ አልዞረም። ትከሻዋ፣ ደረቷና ወገቧ አንድ ላይ ዞሩ፤ ልክ ቀንበር እንደተጫነበት በሬ።

«አንገትሽን ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ምንም አልሆንኩም እማዬ፤ አጉል ተኝቼ ነው።»

በሚቀጥለውም እሑድ አጉል ተኝታ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ በመጣውም። እኔ አምስት ልጅ ያሳደግኩ ሴት ነኝ፤ ሰው በየሳምንቱ አጉል እንደማይተኛ አውቃለሁ። «እመጣለሁ» አልኳት። «ደህና ነኝ፤ አትልፊ» አለች። ደህና የሆነ ሰው እናቱን አትምጪ አይልም። ቪዛው ወራት ፈጀ። ተመልሼ እንደምመጣ ማስረጃ አቅርቢ ተባልኩ። ቤቴን፣ ላሜንና ማኅበሬን ትቼ የት ልቀር ኖሯል? እንዲህ ያለ ጥያቄ እናትን አይጠይቁም።

ሰኞ

ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት ገና ብርዱ ሳይለቅ ነው። ትልቁ ልጄ በሚኒባስ እስከ ቦሌ አደረሰኝ። ሻንጣዬ ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬና ጋቢ ነበረ። ከሁሉ በላይ ግን እንደ ዓይኔ የምጠብቀው ለጋ ቅቤ ነበረ፤ በላስቲክ ላይ ላስቲክ ደርቤ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በቆርቆሮ ያሸግኩት። ለመብል አይደለም። የሰፈራችን ወጌሻ «ቅቤውን ሞቅ አድርጊና ከጆሮዋ ሥር ጀምረሽ ወደ ትከሻዋ ውረጂ፤ አጥንቱን እንዳትነኪ፤ ሥጋውን ብቻ» ብለው በእኔው አንገት ላይ አሳይተውኝ ነበር። መንገዱን ሁሉ በልቤ ስደግመው ሄድኩ።

አውሮፕላን ውስጥ ሰዎቹ አንገታቸው ላይ ማነቆ የመሰለ ትራስ አጥልቀው ይተኛሉ። መጀመሪያ ሳየው ሁሉም ታመው መሰለኝና አዘንኩላቸው። እኔ አልተኛሁም። ሰማይ ላይ ሆኖ እንቅልፍ የሚወስደውን ሰው አላምነውም።

ማክሰኞ

አየር ማረፊያው ውስጥ አንድ ወጣት ሻንጣሽን ክፈቺ አለኝ። ፈገግ እያለ ቆርቆሮዬን አወጣ፤ ፈገግ እያለ ከፈተ፤ ፈገግ እያለ የወተት ነገር አይገባም አለና ወሰደው። መውሰዱስ ይቅር፣ ፈገግታው ነው ያቃጠለኝ። የሚወስድ ሰው ፊቱን ያጥቁር! እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ግን ዝም አላልኩም። «ለመብል አይደለም! ለአንገት ነው! ለአንገት!» እያልኩ የራሴን አንገት በእጄ እያሸሁ አሳየሁት። ልጁ ደነገጠ። ሬዲዮኑን አውጥቶ ተናገረ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መጣች። አሞኛል ብለው ነው! ቁጭ አድርገው፣ እግሬን አደላድለው፣ ውሃ አስይዘው፣ ሰልፉን ሁሉ አሳልፈው ገፉኝ። ቅቤዬን ቀምተው ጋሪ ሰጡኝ። ሴትዮዋ ግን ደግ ነበረች፤ እየገፋችኝ ትከሻዬን መታ መታ ታደርገኝ ነበር፤ እሷን አልረግማትም።

መቅደስ በር ላይ አበባ ይዛ ቆማለች። በወንበር ስገፋ ብታየኝ ጮኸች።

«እማዬ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም!» ብዬ ብድግ አልኩ። ገፊዋ ሴት ተአምር ያየች መሰላት።

ልጄን አቅፌ ስስማት አንገቷ እንደ ልብ አልታጠፈም። ጉንጯን ለማግኘት እኔ በሁለቱም በኩል ዞርኩላት። 

ከአየር ማረፊያው እስከ መቅደስ ሰፈር እስከ ሆሎዌይ የምድር ውስጥ ባቡር ሳያስለውጥ ይወስዳል። ሻንጣዬን እሷ ልትይዝ እኔ ልይዝ ስንታገል አንድ ሰውዬ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ያየን የለም። ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። የከተማው ሰው አንገት ሁሉ በዚህ መጥፋቱ ነው እያልኩ ሄድኩ። በእኛ አገር አንድ ሰው በሚኒባስ ውስጥ እንዲህ ቢያቀረቅር ሐዘን ደርሶበታል ብለን እናጽናናዋለን።

ቤቷ ትልቅ የመንግሥት ሕንጻ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቷል። አንዲት መኝታ ቤት፣ አንዲት ሳሎን፣ ሁለት ሰው የማያስቆም ወጥ ቤት። እንጀራ ከሐበሻ ሱቅ ገዝታ፣ ዶሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። መኝታ ቤቱን አዲስ አንሶላ አልብሳ ለእኔ አሰናድታዋለች። አልጋው አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ነው።

«አንቺስ?»

«ሳሎን ነኝ። ሶፋው ይዘረጋል እማዬ፤ ከአልጋው ይሻላል።»

አመንኳት። እንግዳና እናት አልጋ ላይ መተኛታቸው ያለ ነው፤ እኔም እናቴ ስትመጣ እንዲሁ አድርጌያለሁ። የሚያናድደው ሌላ ነገር ነበር፤ ጊዜው መሽቶ ፀሐይ አትጠልቅም። ሰኔያቸው እንዲህ ነው አሉ። በብርሃን ተኙ የሚል አገር!

ረቡዕ

ጠዋት ሥራ ሳትሄድ ያዝኳት። «ሸሚዝሽን አውልቂ፤ ላሽሽ» አልኳት። እምቢ አለች። «የወለድኩሽን ገላ ነው የምትደብቂኝ?» ስላት አወለቀች። ጀርባዋን አየሁ። ከማጅራቷ ጀምሮ እስከ ትከሻዎቿ መካከል የብርጭቆ አፍ የሚያክሉ ክብ ክብ ሐምራዊ ምልክቶች።

«ማን ነው?» አልኩ።  «ማነው የመታሽ? ተናገሪ!»

ሳቀች። እየሳቀች ደግሞ አንገቷን ያዘች፤ መሳቅም ያማታል።

«ማንም አልመታኝም። ቻይናዎች ናቸው። በብርጭቆ ይስቡታል። መጀመሪያ በእሳት ያሞቁትና ጀርባ ላይ ሲደፉት ቆዳውን ሳብ...»

«ዋግምት!» ብዬ ጮህኩ።

«አዎ፤ እንደሱ ነገር።»

እንደሱ ነገር! ያገሬ ሰው፣ ፍረዱኝ። ይቺ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር ትከሻዬን ሲይዘኝ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ ብላት «እማዬ፣ ይሄ ኋላ ቀርነት ነው፤ ቀንድ ተክለው ደም የሚስቡ ሰዎች ዘንድ ትሄጃለሽ?» ብላ ያሳቀቀችኝ ናት። ዛሬ ባሕር ተሻግራ፣ ቀንዱ ብርጭቆ ሲሆን፣ ቀጠሮ ይዛ ትሄዳለች። ስንት ሰዓት ብትሠራ የሚከፈል እንደሆነ አልነግራችሁም፤ እናንተም ትናደዳላችሁ።

«ሐኪምስ?» አልኳት።

ሐኪሙ በስልክ ነው ያያት። በስልክ! አንገት በስልክ እንዴት ይታያል? ከዚያ የስፖርት ሥዕል ያለበት ወረቀት ላኩላት፤ የሚያሽ ባለሙያ ዘንድ ለመድረስ ደግሞ ወረፋ ነው። ወረፋው ሳይደርስ ሁለተኛ በጋዋ መጣ። እስከዚያ ድረስ ልጄ የሰው እናት ስታነሳና ስታስቀምጥ ትውላለች። ቅቤው የለም፤ ባለው የወይራ ዘይት አሸኋት። ከጆሮዋ ሥር እስከ ትከሻዋ ድረስ ሥጋው እንደ ገመድ ተገምዷል። አንዱ ቋጠሮ የባቄላ ፍሬ ያክላል።  ያለቀስኩትን አላየችም፤ ለማየት መዞር ነበረባት።

ሐሙስ

«ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ቀጠሮ አለኝ» አለች። አብሬሽ እሄዳለሁ አልኩ። ልጄን መጋረጃ ውስጥ አስገብቶ የሚያሽ ሰው ማን እንደሆነ ሳላይ አላድርም።

የቻይናዎቹ ቤት ሆሎዌይ መንገድ ላይ በዶሮ መጥበሻና በስልክ መጠገኛ መካከል ነው። መስኮቱ ላይ ሥሩና ቅጠሉ በጠርሙስ ተደርድሯል። እግር ስንከት የሚጨስ ቅጠል ሽታ ተቀበለን። አሺዋ ሴት በመሆኗ ልቤ አረፈ። ወይዘሮ ሊን ይሏታል፤ የእኔ እኩያ ትሆናለች፤ ቁመቷ ደረቴ ድረስ ነው። ጉልበቷን ግን ከየት እንዳመጣችው እንጃ።

መቅደስ ፊት ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው አልጋ ላይ በደረቷ ተደፋች። ሊን መጀመሪያ በአውራ ጣቷ፣ ቀጥላ በመዳፏ፣ በመጨረሻ በክርኗ ወረደችባት። በክርን! ልጄ ስታቃስት ተነሣሁ።

«ቀስ በዪ!» አልኳት በአማርኛ። «ሊጥ አይደለም!»

ሊን እንኳን ቀስ ልትል ቀና ብላም አላየችኝም። «ተቀመጪ እማዬ፤ ደህና ነኝ» የሚል ድምፅ ከቀዳዳው ሥር ወጣ።

ከእሽቱ በኋላ ሙቀቱ መጣ። ቅጠልና ሥር የታሰረበት የጨርቅ ከረጢት በእንፋሎት አሙቃ ማጅራቷ ላይ ጣለችበት። ከላይ ደግሞ ቀይ መብራት እንደ አንገተ ረጅም ወፍ አጎንብሶ ያሞቃታል። ይሄን ሳይ ትንሽ ተረጋጋሁ፤ እኔም ልጆቼ ሲበርዳቸው ጨው ቆልቼ በጨርቅ ቋጥሬ ያደረግኩላቸው ነው። ሙቀት ዘመድ ነው፤ የትም አገር ያው ነው።

ልንወጣ ስንል ሊን መቅደስን ይዛ ብዙ ተናገረች። ቁጣ አለበት። በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች። ሁለት መዳፏን ገጥማ ጉንጯ ሥር አደረገች። አንገቷን ወደ ጎን ሰበር አድርጋ ፊቷን አጨማደደች።

«ምን አለች?»

«እናትሽ ረጅም መንገድ መጥታለች፤ በደንብ ትተኛ አለች።»

ብዙ ተነግሮ ትንሽ ነው የደረሰኝ። ገረመኝ፤ ግን የእንግሊዝ ቋንቋ ይሆናል አልኩ።

በአውቶብስ ስንመለስ በመስኮት በኩል አንድ ሰው ሹራብ የለበሰ ውሻ ይዞ ሲያልፍ መቅደስ አንገቷን ዞር አድርጋ አየችው። አንገቷን ብቻ! ደስታዬን ዋጥኩት፤ ቶሎ ደስ ካለኝ የሚጠፋ ስለሚመስለኝ።

ዓርብ

ጠፋ። ጠዋት ቁርስ ሳቀርብላት ቀንበሩ ተመልሷል። ስኳሩን ለማንሳት እንኳ ከነወንበሯ ዞረች። በሊን ላይ የተናደድኩት መናደድ! ሥራዋ የአንድ ቀን ነው፤ የሚመላለስ ደንበኛ እንዳታጣ ነው አልኩ። መቅደስ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ከታች ፎቅ እትዬ አስካለ መጡ። በደርግ ጊዜ የወጡ የአዲስ አበባ ሴት ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ሃክኒ የሚባል ሰፈር ነው፤ ጴንጤ ናቸው። አማርኛቸው ከአገር በወጡበት ቀን ቆሟል፤ እዚህ ቤት የሚያድለውን የከተማውን መሥሪያ ቤት «ቀበሌው» ነው የሚሉት። «ሊፍቱን ለቀበሌው ነግረናል፤ ቀበሌው አይሰማም» ሲሉ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ምስር ሠርተው ይዘውልኝ መጥተዋል። ከመብላታችን በፊት ረጅም ጸለዩ፤ ምስሩ ቀዘቀዘ።

«ሊንን ለመቅደስ የነገርኳት እኔ ነኝ» አሉ። «የእኔን ትከሻ ያዳነችው እሷ ናት። ጸሎት ቤት ያሉት እህቶች የባዕድ መንፈስ ነው ይሉኛል። ክርን ነው እንጂ መንፈስ የለበትም አልኳቸው። መንፈስ እንዲህ አያሳምምም።»

«ታዲያ ለምን አንድ ቀን ብቻ ይሠራል?»

«ዘኑዬ፣ የመቅደስ አንገት እኮ ባለፈው ወር ደህና እየሆነ ነበር። ደረጃ ላይ ስጠራት ትንሽ ዞር ትልልኝ ነበር።»

«ከዚያስ ምን ነካው?»

«እሱን እንጃ። ነገ አብረን እንሂድና ሊንን እንጠይቃት፤ እኔ አስተረጉምልሻለሁ።»

ቅዳሜ

የምናገረውን ሌሊቱን ሳሰናዳ ነው ያደርኩት። መቅደስን አንገቷን ያሙቁላት ብለን ይዘናት ሄድን። ሊን ምሳዋን እየበላች ነበር፤ ሳህኗን አስቀምጣ መቅደስን ቀዳዳው አልጋ ላይ አስተኛቻት፤ ከረጢቱንም መብራቱንም አደረገችላት። እኔ ጀመርኩ።

«በሏት እትዬ፤ ልጄ እንጨት ተሸክማ የምታድር ይመስል የጠዋት አንገቷ ከማታው ይብሳል። ይሄ ሕክምና ነው ወይስ ማታለል ነው?»

እትዬ አስካለ ሳይቀንሱ ነገሯት። ሊን ተቆጣች፤ በቁሟ መለሰችላቸው። እትዬ አስካለ አዳመጡና ፊታቸው ተለዋወጠ። ወደ እኔ ዞሩ፤ ወደ አልጋው ዞሩ።

«ምን አለች?»

«እትዬ አስካለ!» አለ ከቀዳዳው ሥር የሚወጣው ድምፅ። «እትዬ አስካለ፣ በእግዚአብሔር፣ ዝም በሉ!»

«እንዳይነግሩኝ?» አልኩ። «ይንገሩኝ! ምን አለች?»

«ልጅሽ ሶፋ ላይ እየተኛች ነው አለች። ሶፋው አጭር ነው፤ ራሷን የሶፋው ክንድ ላይ አስደግፋ ነው የምታድረው። ሐሙስ ዕለት ለእናትሽ ንገሪያት ብያት ነበር፤ እኔ ቀን የፈታሁትን እሷ ሌሊት ትቋጥረዋለች፤ አሁን የባሰባት እናቷ ከመጣች በኋላ ነው አለች።»

 ቀይ መብራቱ ብቻ ይጮሃል። ልጄ ተደፍታለች፤ መሸሽ አትችልም፤ እግሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ታዲያ በሽታዋ እኔ ነኝ? አገር አቋርጬ፣ ቅቤ ተቀምቼ፣ በጋሪ ተገፍቼ የመጣሁት ልጄን ለማሳመም ነው?  ሊን ምሳዋን አነሣች። ትክክል ነበረች፤ ቢሆንም ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት ምሳውን አያነሣም።

ቤት ስንደርስ ቀጥ ብዬ ወደ ሶፋው ሄድኩ። ጎትቼ፣ ገፍቼ፣ ከሥሩ ተንበርክኬ ፈተሽኩት። አይዘረጋም። ሶፋ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። አንደኛው ክንዱ ላይ የራሷ ጉድጓድ ታትሟል። ብርድ ልብሱ ከኋላው ተደብቋል።

«ይዘረጋል ያልሺኝ ይሄ ነው?»

«እማዬ...»

«ስንት የሰው እናት አንሥተሽ ውለሽ ማታ እዚህ ትወድቂያለሽ? እኔ አልጋ ላይ ተንጋልዬ? ከነገ ጀምሮ እኔ እዚህ ነኝ!»

«እናቴን ሶፋ ላይ አስተኝቼ አልጋ ላይ ልተኛ? ሰው ምን ይለኛል?»

«የቱ ሰው? እዚህ አገር ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም!»

«እኔ አውቃለሁ። እኔ ራሴን ምን እላለሁ? በእናት አልጋ ማን ይተኛል?»

«በሞቴ» አልኳት።

«እናቴ ትሙት አልተኛም!» አለች።

«ፊትሽ ቆሜ ትገድዪኛለሽ?»

እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው ነበር። «ኢየሱስ ጌታ ነው! ሁለታችሁም አንገታችሁ አይታጠፍም» ብለው ሄዱ። መቅደስ ያን ሌሊት ሶፋው ላይ አደረች፤ እናቷን ጠርታ ምላለችና። እኔም አልጋው ላይ ተቀምጬ አደርኩ።

እሑድ

መቅደስ እሑድም ትሠራለች፤ አሮጊት እሑድ አያውቅም። እንደወጣች እኔ ወደ ታች ወረድኩ።

«እትዬ፣ ፍራሽ ይኖርዎታል?»

ቁም ሣጥናቸው ላይ የተጠቀለለ ስፖንጅ ነበራቸው፤ ልጆቻቸው ሲመጡ የሚያነጥፉት። ለሁለት ይዘን ደረጃውን ስንታገል ከላይ አንድ ሰውዬ ትልቅ ውሻ ይዞ ወረደ። እስከ አንገቱ ድረስ ተነቅሷል፤ እንደ ልብስ። በየቀኑ ሲያልፈኝ ሰላምታ የማይሰጥ ነው። የውሻውን ገመድ ለእኔ ሰጠኝ፤ ፍራሹን በአንድ ትከሻው ይዞ እስከ ሳሎን አደረሰው። ውሻ ይዤ ደረጃ ስወጣ የደብረ ብርሃን ሰው ባየኝ አልኩ። ሰላም የማይል ሰው ፍራሽ ይሸከማል፤ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ የእኛ ሰው ሰላም ብሎ ያልፍሃል።

ፍራሹን ሶፋው ሥር አነጠፍነው። እኔ ያሰብኩትን ለእትዬ አስካለ ስነግራቸው ሳቁ።

«እንዲህ ትዋሺያለሽ? በእሑድ?»

«መተኛት ውሸት አይደለም።»

የእኛ አገር ሰው ሁሉን ያደርጋል፤ የተኛች እናት ግን አይቀሰቅስም። እንግዳ ቢመጣ «ተኝታለች» ይላል፤ ወጥ ቢያርር በእግሩ ጣት ይሄዳል። መቅደስ ለንደን ስንት ዓመት ትኑር፣ ይሄ ከሷ እንደማይወጣ አውቃለሁ። ከሥራ መምጫዋ ሲደርስ ፍራሹ ላይ ተጋደምኩ። ፀሐይ በመስኮቱ ሙሉ ገብታ ዓይኔን ትወጋኛለች። ጋቢዬን ራሴ ላይ ሳብኩ። ያን ጊዜ ነው የማትጠልቀውን ፀሐያቸውን በእውነት የረገምኩት።

በሩ ተከፈተ። ቁልፏን አስቀመጠች። 

«እማዬ?»

ተነፈስኩ፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ።

«እማዬ፣ እንዳልተኛሽ አውቃለሁ።»

አንኮራፋሁ። ትንሽ አበዛሁት መሰለኝ።

ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ክብደቷን ከራሴ በላይ ሰማሁት። ብዙ ቆየች። ልትስቅ ነው ወይስ ልታለቅስ ነው አላወቅሁም፤ እኔም ከጋቢዬ ሥር አንዱን እንዳላደርግ ጥርሴን ነከስኩ። ከዚያ ተንበረከከች። ጋቢው ከእግሬ ላይ ተገልጦ ነበር፤ አልብሳ ጠቀጠቀችልኝ። መብራት ሳታበራ በእግር ጣቷ ሄደች። የመኝታ ቤቱ በር ተዘጋ። አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁት።

ወገቤን አሞኝ አደረ። ግን በመናደድ ነው እንጂ በፍራሹ አይደለም።

ከዚያ በኋላ

የቀሩት ሳምንታት እንዲሁ አለፉ። ማታ ማታ እኔ ቀድሜ እተኛለሁ፤ እሷ ትገባለች፤ ስለ ነገሩ አንነጋገርም። መሐላዋ አልፈረሰም፤ የእናቷን አልጋ አልቀማችም፤ እናቷ ባዶ ትታው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሊን ዘንድ አብሬ እሄዳለሁ። ጨው ቆልቼ በጨርቅ ቋጥሬ ወስጄ አሳየኋት፤ አሸተተችው፤ እጇ ላይ አደረገችው፤ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሥጋውን በአውራ ጣቴ እንዴት እንደምይዝ በእኔ እጅ ላይ እጇን አድርጋ አሳየችኝ። ከወጌሻችን ጋር የተማማሉ ይመስል ከጆሮ ሥር ወደ ትከሻ ነው የምትወርደው። ስለ ክርኗ ግን ዛሬም ይቅር አላልኳትም። እሷም ስለ ሊጡ ብትሰማ ይቅር የምትለኝ አይመስለኝም።

እትዬ አስካለ ሃክኒ ጸሎት ቤታቸው ወስደው ምሳ አበሉኝ። «የእኛ ስብከት ረዘመብሽ?» አሉኝ። የእኛም ቅዳሴ አጭር አይደለም አልኳቸው።

የተመለስኩ ቀን አየር ማረፊያው ላይ መቅደስ መንገደኛ ብቻ እስከሚያልፍበት ገመድ ድረስ ሸኘችኝ። ሻንጣዬ ውስጥ የቅጠል ከረጢት አለ፤ ሊን ናት የሰጠችኝ፤ ማንም አልቀማኝም። ተሳስመን ተላቀስን። ልጄ መንገዷን ይዛ ስትሄድ ጀርባዋን እያየሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«መቅደስ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ።

እሷም ዞረች። እግሯ ወደ መውጫው፣ ደረቷም ወደ መውጫው እንደሆነ፣ ፊቷ በትከሻዋ ላይ ወደ እኔ መጣ።

«ምን ረሳሽ እማዬ?»

«ምንም!» አልኳት።

አሁን እሑድ እሑድ ስንደዋወል እትዬ አስካለ በቀጠሯችን መሠረት ከኋላዋ በር ያንኳኳሉ። መቅደስ «ማነው?» ብላ ትዞራለች፤ እኔ አንገቷን አያለሁ። ባለፈው እሑድ ትከሻዋ ትንሽ አብሮ ዞረ። «ሊን ዘንድ ሄደሻል?» ብላት «ሐሙስ ሥራ ጨመሩብኝ» አለችኝ። የማንን እናት እንድታነሳ ነው ሥራ የጨመሩባት?

ቪዛው እንደገና ወራት ይፈጅ ይሆናል። ማስረጃውንም ይጠይቁኝ ይሆናል፤ ይጠይቁ። ፍራሹ እትዬ አስካለ ቁም ሣጥን ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ለልጆቻቸውም እንዳይሰጡት አስጠንቅቄያቸዋለሁ።